ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለማን ያዋጣል?



ስለ መኪና የሚያወሳ ጽሑፍ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ለሚኖር ቤተሰብ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ከፍ ያለውን ገንዘብ የሚወስደው መኪና ነው። መኪናው የመንቀሳቀሻ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ገመድ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ምርጫው የልጆችን ወጪ ይነካል፣ አገር ቤት ለወላጅ የሚላከውን ይነካል፣ ከወለድ መራቅ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ እዚያ ላይ ይፈትነዋል። እኛም በዚህ ጉዳይ ወራት የፈጀ ምክክር ስላደረግን፣ ያገኘነውን ብናካፍል ለአንዳንዱ ይጠቅም ይሆናል ብለን ተነሥተናል።

የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ባለችው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የቤታችን ገቢ ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው የመምህርነት ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው በስልክ የሚጠሩ መንገደኞችን በማመላለስ የሚገኝ ነው። የዚህ አካባቢ ነዋሪ ለሆነ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በታክሲ ሥራ ልጅ ያሳደገ፣ ቤት የሠራ፣ ወንድምና እህቱን ያስተማረ የአገራችን ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ሒሳቡን በተመለከተ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ በሁለት በኩል ተገርፈንበታል። በመድረሳ የውርስ ክፍፍል ስንማር ስድስተኛውን፣ ስምንተኛውንና ሁለት ሦስተኛውን ሳያዛቡ ማድረስ ግድ ነበር። በቀለም ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ማስረጃ የተጻፈ መልስ ውጤት አልነበረውም። መኪናውን የገዛነውም በዚሁ ልማዳችን መሠረት ወረቀትና እርሳስ ይዘን ነው።

በቅድሚያ ሃይብሪድ የሚባለው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። ሃይብሪድ መኪና ሁለት የኃይል ምንጭ አለው፤ አንዱ የተለመደው የቤንዚን ሞተር ነው፣ ሌላው በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከግድግዳ የሚሰካ ገመድ የለውም። ባትሪውን የሚሞላው ራሱ መኪናው ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ፣ በሌላ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ይጠራቀማል። መብራት ላይ ሲቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። እንደገና ሲነሣ በአብዛኛው በኤሌክትሪኩ ይነሣል። ስለዚህም ትርፉ ጎልቶ የሚታየው እየቆሙ እየተነሡ በሚነዱበት የከተማ መንገድ ላይ እንጂ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ አይደለም። የፍሬን ሸራም ከሌላው መኪና ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚያልቀው፤ የማቆሙን ሥራ የኤሌክትሪኩ ሞተር ስለሚጋራው ነው። በቶዮታዎቹ ላይ ደግሞ የተለመደው ሞተሪኖና ዲናሞ የሉም። ሁለቱንም ሥራ እነዚያው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠሩታል። የማይኖር ዕቃ አይበላሽም፤ ይህን የተናገሩን አንድ መካኒክ ናቸው፣ እኛም ልክ ሆኖ አግኝተነዋል።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቻችን ‘ለምን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነውን አትገዙም?’ ይሉናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ በዚህ ጉዳይ እነሱ ከእኛ ቀድመው ሄደዋል። የእኛ ምክንያት ግን ቀላል ነው። የምንኖረው በኪራይ አፓርታማ፣ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ሶኬት የለውም። በቀን ከመቶ ማይል በላይ የሚነዳ ሰው በየመንገዱ ካለው የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ወረፋ ሲጠብቅ ቢውል ሥራው ይቆማል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ውድድሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ቶዮታ ፕሪየስን በጃፓን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ቢሆንም፣ አሜሪካ ቀድማ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የቀረበችው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ሆንዳ ኢንሳይት ነበረች። ፕሪየስ በዓመቱ ተከተለ። ትልቁ ፍጥጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሆንዳ አዲሷን፣ ባለ አምስት መቀመጫዋን ኢንሳይት በ19,800 ዶላር አወጣ፤ ቶዮታም ሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ በ22,000 ዶላር ግድም አቀረበ። በመንግሥት መለኪያ ኢንሳይት በጋሎን 41 ማይል፣ ፕሪየስ ደግሞ 50 ማይል ይሄዱ ነበር። አሁን እርሳስ ይዘን ስናሰላው፣ በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ የነዳጁ ልዩነት 53 ጋሎን ያህል ብቻ ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብናስበው 160 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው፤ የ2,200 ዶላሩን ልዩነት ለመመለስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። በወረቀት ላይ ኢንሳይት አሸናፊ ነበረች ማለት ነው። ገዢው ግን ሰፊውን መኪና መረጠ፣ የኢንሳይት ገበያ ቀዘቀዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሆንዳ ሥራውን አቆመ። በዚህ ውስጥ አንድ የምንማረው አለ፤ ሰው መኪና ሲገዛ ሒሳብ ብቻውን አይወስንም። የኋላ መቀመጫው ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል አይቀመጥም የሚለውም ሒሳብ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጸደይ ላይ የቀድሞዋ መኪናችን አገልግሎቷን ጨረሰች። በእጃችን የነበረው ገንዘብ 19,000 ዶላር ነው፤ 10,000ው የዕቁብ ዕጣ፣ 9,000ው ቀስ በቀስ የተጠራቀመ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ሃይብሪድ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአዲስ መልክ የወጣው ፕሪየስ መነሻው 27,450 ዶላር ነበር። ስለሆነም አራት አምስት ዓመት የተነዱትን ማየት ጀመርን፣ ምርጫውም በአራት መኪኖች መካከል ሆነ። እነሱም የ2019 ፕሪየስ፣ የ2019 ሆንዳ ኢንሳይት (ሆንዳ ስሟን እ.ኤ.አ. በ2018 ዳግም አንሥቶት ነበር)፣ የ2019 ሀዩንዳይ አዮኒክና የ2020 ቶዮታ ኮሮላ ሃይብሪድ ናቸው።

እነዚህ አራቱ ገና አዲስ ሳሉ ዋጋቸው እጅግ የተቀራረበ ነበር። መነሻቸው ከ22 ሺህ እስከ 24 ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ ነው። የነዳጅ አጠቃቀማቸውም እንዲሁ ተቀራራቢ ነው። ኮሮላ ሃይብሪድ በጋሎን 52 ማይል፣ ኢንሳይት እስከ 52፣ ፕሪየስ እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 56፣ አዮኒክ ደግሞ ከ55 እስከ 58 ይሄዳሉ። አገር ቤት ላለ አንባቢ 52 ማይል በጋሎን ማለት በአንድ ሊትር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በአንድ መስመር የተነሡት ሯጮች ግን አምስት ዓመት ሮጠው እኩል አልደረሱም። ባየናቸው ማስታወቂያዎች 72,000 ማይል የሄደው ፕሪየስ 18,900 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። 58,000 ማይል የሄደችው ኢንሳይት 17,200፣ 49,000 ማይል የሄደችው ኮሮላ 17,800 ተባሉ። 61,000 ማይል የሄደው አዮኒክ ግን 13,900 ዶላር ብቻ ነበር! በነዳጅ ቆጣቢነት ከሁሉም የሚበልጠው መኪና በዋጋ ከሁሉም ረክሶ ተገኘ።

በቤታችን ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ዋጋ መውደቅ የሚጎዳው መጀመሪያ የገዛውን ሰው ነው፤ ሁለተኛ ለሚገዛና መኪናው እስኪያልቅ ድረስ ለሚነዳ ሰው ግን ሲሳይ ነው። አዮኒክን ብንገዛ ቀረጡ ተከፍሎ እንኳ ከ4,400 ዶላር በላይ በእጃችን ይቀራል። ይህ ገንዘብ ደግሞ ስም ነበረው። ኮምቦልቻ የሚኖሩት አባታችን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይዟቸው፣ ማታ ማታ ቁርኣን መቅራት ካቆሙ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አዲስ አበባ መጥተው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን እንዲታከሙ፣ ከጎናቸው ሰው አብሯቸው እንዲቆይ አስበን ነበር። ስለዚህ የርካሹ መኪና ጉዳይ ለእኛ የዓይን ጉዳይ ሆነ።

ቢሆንም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሳንወስድ አልወሰንንም። በቅድሚያ የነዳጁን እንመልከት። የእኛ መኪና በዓመት እስከ 35,000 ማይል ትነዳለች። በዚህ ርቀት በጋሎን 58 ማይል የሚሄደው 603 ጋሎን፣ 52 የሚሄደው ደግሞ 673 ጋሎን ይፈልጋል። ልዩነቱ 70 ጋሎን፣ በገንዘብ 210 ዶላር ያህል ነው። ሰዎች ‘ይህኛው በጋሎን ስድስት ማይል ይበልጣል’ እያሉ ሲከራከሩ ስንሰማ፣ ክርክሩ ለብዙው ቤተሰብ በወር ለስድስት ዶላር መሆኑን አያስተውሉትም። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 72 ዶላር ብቻ ነውና። በአንጻሩ ተራውን የቤንዚን ኮሮላ፣ በጋሎን 33 ማይል የሚሄደውን፣ ከሃይብሪዱ ጋር ብናስተያይ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሁለቱ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት 3,000 ዶላር ያህል ነበር። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው 400 ዶላር ገደማ ስለሚቆጥብ ልዩነቱን ለመመለስ ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። 35,000 ማይል የሚነዳው ግን በዓመት ወደ 1,160 ዶላር ስለሚቆጥብ በሁለት ዓመት ተኩል ይመልሰዋል። እንግዲህ ሃይብሪድ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ‘እኔ ስንት ማይል እነዳለሁ?’ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

እግረ መንገዳችንን ሁለት ትንንሽ ወጪዎች እናንሣ። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ሲገዛ 4.15 በመቶ ቀረጥ አለ፤ በየዓመቱም ከተማው ወይም ካውንቲው በመኪናው ግምት ላይ ግብር ይጥላል። ስለዚህ ዋጋው ቶሎ የማይወድቅ መኪና በየዓመቱ ግብሩም ቶሎ አይወድቅም። ከዚህም ሌላ ከ2020 ጀምሮ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄዱ መኪኖች የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ይጠየቃሉ። ነዳጅ ስለቆጠቡ ያልከፈሉትን የነዳጅ ቀረጥ በዚህ በኩል ማስመለሱ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ነገር ግን ቆጣቢ ሆኖ መቀጣት እንዳስገረመን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ከሁሉም የከበደው ወለዱ ነው። አንድ የመኪና መሸጫ ድርጅት ገብተን ስለ አዲሷ ኮሮላ ሃይብሪድ ስንጠይቅ ሻጩ ዋጋዋን አልነገረንም። ‘በወር ስንት ብትከፍሉ ይመቻችኋል?’ አለን። ዋጋዋን ደግመን ብንጠይቀው፣ ‘እሱ አያሳስባችሁ፤ ወርሃዊውን እናስተካክልላችኋለን’ የሚል መልስ ሰጠን። እኛ ለወለድ እንደማንፈርም ስንነግረው ምንም አልተቆጣም፣ ይልቁንም አዘነልን። ቤት ገብተን በወረቀት ላይ ሠራነው። 24,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢወሰድ በወር 475 ዶላር ይከፈላል። ሁሉም ተደምሮ 28,500 ዶላር ይሆናል። ወለዱ ብቻ 4,500 ዶላር ነው ማለት ነው። አሁን ይህን ከነዳጁ ጋር እናስተያየው። በዓመት 35,000 ማይል የሚነዳ ሰው በሃይብሪዱ ምክንያት የሚቆጥበውን ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ቁጠባ ወለዱ ይበላዋል። 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባውን ያስረክባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል በወለድ ሃይብሪድ የገዛ ሰው ከማደያው ያዳነውን ለባንኩ ነው የሚሰጠው።

ሸሪዓችን ሪባን ስለከለከለ ብቻ ይህን መንገድ መተዋችን ይበቃን ነበር፤ ሒሳቡ ከዚያ ጋር ሲገጥም ግን ልባችን ይበልጥ ረጋ። አንዳንድ ጊዜ ‘ዜሮ በመቶ’ እየተባለ የሚታወጀውን በተመለከተ፣ ይህ ዕድል ብዙውን ጊዜ ለአዲስ መኪናና የብድር ታሪኩ እጅግ ጥሩ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ዜሮውን የመረጠ ሰው በጥሬ ገንዘብ ቢገዛ ሊያገኘው የሚችለውን ቅናሽ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ውሉ ውስጥ ስላለው የመዘግየት ቅጣት ፍርዱ ምን እንደሆነ ለዑለማ እንተወዋለን። እኛ ዕቁባችንን መርጠናል።

ወደ አራቱ መኪኖች ስንመለስ፣ በጉዳዩ ላይ ከማንም በላይ የሚያውቁት አጎታችን ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። መጀመሪያ የያዟት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ስትሆን፣ ያቺ መኪና በጋሎን 18 ማይል እንኳ ለመሄድ የምትለግም ነበረች። ቀጥሎ ሁለተኛውን ትውልድ ፕሪየስ ገዙ፣ ‘የወር የነዳጅ ወጪዬ ከግማሽ በታች ወረደ’ ይላሉ። ማደያ በገቡ ቁጥር ጋሎኑን፣ ዋጋውንና ማይሉን የሚጽፉባቸው ሰባት ደብተሮች አሏቸው። በመጨረሻ ከዚያች ፕሪየስ ጋር ያለያያቸው ብልሽት ሳይሆን ሌባ ነው። ከማርሚታው ፊት ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለውን ጭስ ማጣሪያ ሌሊት በመጋዝ ቆርጠው ወሰዱባቸው። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት አሉ። የሃይብሪድ መኪና ሞተር ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ማጣሪያው ሳይጎዳ ይቆያል፣ ሌቦችም ይህን ያውቃሉ፤ ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩት ፕሪየሶች በተለይ የሚፈለጉት ለዚህ ነው። ማጣሪያውን ለመተካት የተጠየቁት ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ።

ዐስር ሰግደን ቤታቸው ስንሄድ ቡና ቀርቦ ነበር። ወረቀታችንን አወጣን። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ ‘ልጆቼ፣ ሒሳባችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ዋስትናውን የት ጻፋችሁት?’ አሉ። እውነትም አንዱ ዓምድ የቀረው እሱ ነበር። አብረን ሞላነው። የአዮኒክ አምራች ለሞተርና ለካምቢዮው አሥር ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና በመስጠቱ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ሁለተኛ ለገዛ ሰው ዋስትናው ወደ አምስት ዓመት ወይም 60,000 ማይል ያጥራል። ያየነው አዮኒክ 61,000 ደርሷልና አልቆበታል። የፕሪየሱና የኢንሳይቷ ባትሪ ዋስትና ስምንት ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። በእኛ አነዳድ ፕሪየሱ ዓመት ሳይሞላው፣ ኢንሳይቷም ዓመት አለፍ ሲላት ያልቅባቸዋል። ቶዮታ ግን ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን ዋስትና ወደ አሥር ዓመት ወይም 150,000 ማይል ከፍ አድርጎታል፤ መኪናው ሲሸጥም ዋስትናው ለገዢው ያልፋል። 49,000 ማይል የሄደችው ኮሮላ ገና 101,000 ማይል ይቀራታል ማለት ነው፣ ይኸውም ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው። በ2019ና በ2020 ሞዴል መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ የባትሪ ነገር ኖሯል።

አጎታችን ሌላም ጨመሩ። አዮኒክ ካምቢዮው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን፣ ስድስት ማርሽ ያለው ነው። አውራ ጎዳና ላይ ፈጣንና ደስ የሚል አነዳድ አለው፣ እኛም ነድተን ወደነዋል። ‘ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ለማንሣት ስትቆሙና ስትነሡ ግን ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን ነው፤ ያልቃል’ አሉ። የቶዮታው አሠራር በጥርስ ጎማዎች ኃይሉን ከሁለቱ ሞተሮች እያመጣጠነ የሚያስተላልፍ ስለሆነ የሚያልቅ ፍሪሲዮን የለውም። ደግሞም በዚህ አካባቢ ያሉት የሐበሻ ጋራዦች ሁሉ የቶዮታ ሃይብሪድን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፤ ከ2010 እስከ 2015 በተሠሩት ፕሪየሶች ላይ የጭስ መመለሻው ቱቦ ሲደፈን የቴስታታው ጋርኒሲዮን እንደሚቃጠል ሳይቀር ለመንገደኛው ሁሉ የሚያስጠነቅቁ እነሱ ናቸው። አዮኒክ የሚያውቅ ግን ብዙም አላገኘንም። የመኪና ዋጋ ሲሰላ በሠፈሩ ውስጥ ያለ ዕውቀትም መቆጠር እንዳለበት የገባን ያን ዕለት ነው። ለሥራ የምትወጣ መኪና ሦስት ቀን ጋራዥ ብትቆም የሦስት ቀን ገቢ የለም። ትምህርት ቤት አድርሳ ለምትመለስ መኪና ግን ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ለዚህም ነው አዮኒኩን በኋላ የገዛችው የመድረሳ ባልደረባችን፣ በሳምንት መቶ ማይል እንኳ የማትነዳው፣ እስካሁን ደስተኛ የሆነችው። እኛ የመከርናት ነው፤ ለእርሷ ከአራቱ ሁሉ እሱ ያዋጣል።

‘ታዲያ የአባታችሁ ዓይንስ?’ ብለው ጠየቁን አጎታችን፣ ሳንነግራቸው። ዝም አልን። የዕቁቡ ቀጣይ ዕጣ የወጣው ለእሳቸው እንደነበር እናውቃለን፤ የወጥ ቤታቸውን ወለል ሊያስቀይሩበት አስበው ነበር። ‘የወጥ ቤቱ ወለል ሁለት ዓመት ቆሟል፣ ስድስት ወር ቢጨምር አይፈርስም። ዳኛውን አነጋግሬ ዕጣዬን እለውጣለሁ። አባታችሁን ላኩበት፤ ተራዬን በእናንተ ሁለተኛ ዕጣ እወስዳለሁ’ አሉ። እናታችንን የመሰሉት ባለቤታቸው ስኒውን እያነሡ፣ ‘ወለሉ የኔ ነው፣ ማን ጠየቀኝ?’ ብለው ሳቁ። ከዚያም፣ ‘ውሰዱት፣ ውሰዱት’ አሉን።

ኮሮላዋን ገዛናት። ከመክፈላችን በፊት መካኒክ አሳየን፣ ለምርመራው መቶ ሃያ ዶላር ከፈልን፣ ለዚህ ገንዘብ ማንም ሰው እንዳይሳሳ እንመክራለን። የኋላ መቀመጫው አካባቢ ያለው የባትሪ አየር ማስገቢያ ወንፊት አቧራና ፀጉር ሞልቶት ነበር። ወንፊቱ ሲደፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ዕድሜው ያጥራል። ማጽዳቱ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ዋጋዋ ከ17,800 ወደ 17,500 ወርዶልን፣ ቀረጥና የሰሌዳ ወጪ ተከፍሎ፣ ጥቂት መቶ ዶላር በእጃችን ቀረ። እኛም በበኩላችን ደብተር ከፈትን። መለኪያው 52 ይላል፤ የእኛ አማካይ 49 ነው። በጋ ላይ 53 የሚደርስበት ሳምንት አለ፣ በጥር ብርድ ግን ሞተሩ ለማሞቂያው ሲል ቶሎ ቶሎ ስለሚነሣ 44 ይወርዳል። እስካሁን ከዘይትና ከጎማ በቀር ያወጣንባት ገንዘብ የለም፣ አልሐምዱ ሊላህ። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ግን ጠባብ ነው፤ ለዒድ ስንወጣ የሕፃኑ ጋሪ ገብቶ ሌላ ነገር አይገባም። በዚህ በኩል ፕሪየሱም አዮኒኩም ይበልጧታል።

አባታችን የሁለተኛው ዓይናቸው ፋሻ በተፈታ በሳምንቱ ደወሉ። በቪዲዮ ነበር፤ መኪናዋን አሳዩኝ አሉ። ወደ ማቆሚያው ወርደን ስልኩን ዙሪያዋን አዞርነው። ቀለሟን አዩ፣ ሰሌዳዋን ፊደል በፊደል ለማንበብ ሞከሩ፣ ጎማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ሳይቀር አይተው ወቀሱን። ኮምቦልቻም የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ጀምረዋልና፣ ‘ኤሌክትሪኩን የት በኩል ነው የምትሰኩት?’ ብለው ጠየቁ። እንደማይሰካ፣ ፍሬን ሲያዝ ራሱ እንደሚሞላ አስረዳናቸው። ትንሽ አሰቡ።

‘ቤንዚን ትጠጣለች እንዴ ታዲያ?’

‘አዎ አባ፤ ግን ትንሽ ነው።’

‘እኔስ ጨርሶ የማትጠጣ መስሎኝ’ አሉና፣ ስልኩን እስኪ ወደ ልጆቹ አዙሩት አሉን።